አምስተኛው ጎማ

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ መጨረሻ የወረደው መቼ ነው?» አለኝ ጎሚስታው፣ ከፒካፔ ኋላ ተንበርክኮ ወደ ሻንሲው ሥር እያጮለቀ።

መልስ አልነበረኝም። መርካቶ፣ ጎማ ተራ የሄድኩት ሚስማር የወጋውን የፊት ጎማ ላስጠግን ነበር። ልጁ ግን ሥራውን ጨርሶ እጁን ከመጥረጉ በፊት ጎንበስ ብሎ አየ፤ ያየውንም አልወደደውም። ከወንበር ሥር ረጅሙን ብረት አውጥቼ ሰጠሁት። ከኋላ ፓራውልቱ በላይ ባለችው ቀዳዳ ሰደደው። ብረቱ ገባ፣ ያዘ፣ ከዚያ አልዞር አለ። ናፍታ አንቆረቆረበት፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከታች በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገው፣ ደግሞ ሞከረ። ሰንሰለቱ ሲንቋቋ ቆይቶ በስንት መከራ መውረድ ጀመረ። ጎማው መሬት ሳይነካ ወደ አንድ ጎን አጋደለና ሆዱ ውስጥ የያዘውን ዘረገፈው፤ የደረቀ ጭቃ፣ አንድ እፍኝ ጠጠር፣ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን። ወሩ ጥር ነው፣ ጭቃው የክረምት ነው። የየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የነፋስ መለኪያውን ባልቮላው ላይ ሲጫነው 11 ፒኤስአይ አነበበ። 35 መሆን ነበረበት።

«መንገድ ላይ፣ በሌሊት ቢሆን ኖሮስ?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በትንንሾቹ የቤት መኪኖች ቅያሪ ጎማው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ተኝቶ ይገኛል። ምንጣፉን ገለጥ ማድረግ ነው፤ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሻንጣ ባስገባን ቁጥር መኖሩ ትዝ ይለናል። ሃይሉክስ፣ ሃይስ ሚኒባስና አይሱዙን የመሰሉት ግን ሥራቸው መጫን ነው። ለአንድ ጎማ የሚለቀቅ ቦታ ከአንድ ኩንታል ወይም ከአንድ ተሳፋሪ የሚቀማ ቦታ ነው። ይህን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚያ ሱቅ ማለት ለዕለት የሚሸጠው ከፊት ተደርድሮ፣ የቀረው ሁሉ ቆጥ ላይ የሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ነው። መኪና ሠሪዎቹ ቆጥ ስላልነበራቸው ትርፉን ዕቃ ከሆዱ ሥር ሰቀሉት። ቦታ ተረፈ፣ ጎማው ግን ከዐይን ራቀ። የዚህ ጎማ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

የቆዩ ሾፌሮች ይህን ጎማ «ስኮርታ» ይሉታል። ጣልያንኛ ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ማለት ነው። የመኪና ቋንቋችን ብዙው ከዚያው የመጣ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ግራሶ፣ ጎሚስታ። «መርካቶ» ራሱ ያው ነው። ጣልያኖች በያዙን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የአራዳ ጊዮርጊሱን ገበያ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት በቋንቋቸው «ገበያ» አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ስለዚህ አንድ ሰው መርካቶ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ስኮርታውን ቸርኬው ላይ ሲያስገጥም፣ ግሡን ካልቆጠርን የሚናገረው ጣልያንኛ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላውም ዓለም ለዚህ ጎማ የተውሶ ስም ያላቸው አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ እየተነዳች አዲስ አበባ የገባችውን መኪና በተቀበሉበት ዘመን፣ አውቶሞቢል ቅያሪ ጎማ ይዞ መሄዱ ገና አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ጎማ ሲተነፍስ ባለመኪናው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ ጎማውን ከቸርኬው በብረት ፈልቅቆ፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ ይለጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ዌልስ ውስጥ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ዴቪስ የሚባሉ ወንድማማቾች መላ አገኙ። በነፋስ የተሞላ ጎማ የለበሰ ባዶ ቸርኬ ሠርተው፣ በተነፈሰው ጎማ ጎን በማሰሪያ እንዲታሰር አደረጉ። ሱቃቸው ያለበት መንገድ ስቴፕኒ ይባል ነበርና ዕቃውን በመንገዱ ስም ጠሩት። ሕንድ አገር እስከ ዛሬ ቅያሪ ጎማ «ስቴፕኒ» ነው፤ ብራዚሎችም «እስቴፒ» ይሉታል። አንድ ተራ የዌልስ ጎዳና በማያውቁት ሕዝቦች አፍ መቶ ዓመት መኖሩ ይገርመኛል።

ወደ ሻንሲው ሥር እንመለስ። ከጎማው በላይ ጥርስ ያላት ትንሽ የብረት ሳጥን ታስራለች። ከኋላ የምንሰድደው ብረት ይህችን ሳጥን ያዞራታል፤ እሷም ሰንሰለት፣ በአንዳንዱ መኪና ደግሞ የሽቦ ገመድ፣ ትጠቀልላለች ወይም ትለቃለች። በሰንሰለቱ ጫፍ አንድ ደጋፊ ብረት አለ። የሸሚዝ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚያልፈው ነው፤ ሲያጋድሉት በቸርኬው መሐል ይሾልካል፣ ሲቃና ከታች ደግፎ ይይዛል። የፒካፕ ጎማ ከነቸርኬው ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ የአይሱዙው ከዚያም ይከብዳል። ይህ ሁሉ ክብደት ባንዲት ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥሎ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ይመላለሳል።

ሰው «ቅያሪዬ ደህና ነው?» ሲል የሚያስበው ጎማውን ነው። በእኔ ግምት ግን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ሳጥኗ ናት። ነፋስ ያነሰውን ጎማ መንገድ ላይ ከደጉ የጭነት መኪና ሾፌር ነፋስ ለምኖ መሙላት ይቻላል፤ የማይወርድ ጎማ ግን ሙሉም ሆነ ባዶ ያው ነው። ሳጥኗን የሚገድላት አለመሥራቷ ነው። ሁለት ክረምት ውኃና ጭቃ ሲረጭባት፣ ሁለት በጋ አቧራ ሲለብሳት፣ ጥርሷ ውስጥ ያለው ግራሶ ከአፈሩ ጋር ተቦክቶ ይደርቃል። ሰንሰለቱም ከቀለበት ቀለበቱ ይዛግና አንድ ዱላ ይሆናል። ከዚያ በጉልበት ያዞሯትና ጥርሷ ይረግፋል። ሶማሌ ተራ ከተበተኑ መኪኖች የወጣ ዕቃ ስትፈልጉ ብትሄዱ፣ አሮጌ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው አስፈትታችሁ መልሳችሁ አስጠቅልሉ። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

የላላ ጎማ ከደረቀው የባሰ ነው። ጎማው ተጠቅልሎ ከሻንሲው ጋር ጥብቅ ብሎ ካልተያዘ በየጉድጓዱ እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱ መወዛወዝ ሰንሰለቱን ይበላዋል። አንድ ቀን ይበጠስና 30 ኪሎው ጎማ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ይሄዳል። ይህ እዚህ ብቻ የሚፈራ አይደለም። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ሲየና የተባሉ 600 ሺህ ገደማ የቤተሰብ መኪኖቹን ለጥገና ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በብርዳማዎቹ ግዛቶች በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጎማውን የተሸከመውን የሽቦ ገመድ እየበላ፣ ጎማው አስፋልት ላይ ሊወድቅ ይችላል ተባለ። እኛ መንገድ ላይ ጨው አንበትንም። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የሚመለስ መኪና ግን ሲየናዎቹ በበረዶው ወራት የሚቀምሱትን ዓመቱን ሙሉ ይቀምሰዋል። ያ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ላቫጆ አስገብቶ ከላይ ብቻ ማሳጠብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውኃው ከሥር፣ ከቅያሪው ጎማ በላይ ባለው ክፍተት መግባት አለበት።

ነፋስን በተመለከተ ሾፌሮች መካከል አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። «ቆላ ስትወርድ ጎማ ይነፋል» የሚል አለ፣ «ይጎድላል» የሚልም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። መርካቶ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ከላይ የሚጫነን አየር ስስ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው የጎማው ውስጥ ግፊት ከውጭው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ስለዚህ መርካቶ 35 ያነበበ ጎማ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ ከ31 እስከ 32 ያነብባል፤ አንዲት ትንፋሽ ሳይወጣው። ሙቀቱ ግን ይለወጣል። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ንባቡ አንድ ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ 20 ዲግሪ የነበረው አየር አፋር 40 ሲሆን 3 ገደማ ተመለሰ ማለት ነው። ቁልቁለቱ የወሰደውን ፀሐይ ትመልሳለች። ቅያሪውን ባዶ የሚያደርገው መንገዱ ሳይሆን መቀመጡ ነው። ያልተበሳ ጎማም ቢሆን በወር አንድ ያህል ይጎድለዋል፤ ቸርኬው ጠርዙ ላይ ዝጎ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሦስት ዓመት ያልታየ ጎማ 35 ተሞልቶ ተሰቅሎ ቢሆን እንኳ የት እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ይቁጠር። የእኔ 11 ሆኖ መገኘቱ ሌብነት አልነበረም፤ ሒሳብ ነው።

ለዚህ ነው ቅያሪውን ሲያስሞሉ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ከፍተኛውን ቁጥር መያዝ የሚበጀው። ፒካፕ ጭነት ሲይዝ የኋላ ጎማው ከፊቱ ይበልጥ ይፈልጋል፤ የትኛው እንደሚፈነዳ ደግሞ አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ከተረፈ ማስተንፈስ ቀላል ነው። በትንንሽ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው ቀጭን ቅያሪ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ብዙውን ጊዜ 60 ይፈልጋል፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ጎሚስታው በዐይኑ ለክቶ 30 ሲሞላው ባለቤቱ ካልተናገረ ማንም አይናገርለትም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። ይህን ወጥመድ የሚያውቅ ከእኛ አገር ውጭ ያለ አይመስለኝም።

ጎማ ጎኑ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ። ከጽሑፎቹ አንዱ «ዶት» በሚል ይጀምርና በአራት አኃዝ ይጨርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3416 ካለ በ2016 በ34ኛው ሳምንት ተሠርቷል። በየትኛው 2016? በፈረንጆቹ። በእኛ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ጎማ ተራ ቆሞ «16» የሚለውን ያየ ገዢ በራሱ አቆጣጠር ካሰበው ጎማውን በ8 ዓመት ወጣት አድርጎ ይገዛዋል። ሻጩ ሳይዋሽ ገዢው ይታለላል። ከመኪና አምራቾች መካከል ጎማ ቢለብስም ባይለብስም በ6 ዓመቱ ይቀየር የሚሉ አሉ፤ ታላላቅ ጎማ ሠሪዎች ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሄድ ይመክራሉ፣ ቅያሪውንም ጨምረው። ታዲያ በስምንት ዓመት መሳሳት ማለት ዕድሜውን የጨረሰ ጎማ እንደ ሙሽራ ሰቅሎ መዞር ነው።

ቅያሪ ጎማ ላይ ይህ የሚከፋው ጥርሱ አለመበላቱ ስለሚያታልል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉር ሁሉ ላዩ ላይ አለ። ላስቲክ ግን ተቀምጦም ያረጃል። በአጠገቡ የሚያልፈው የማርሚታ ሙቀት፣ ከዲፍረንሻሉ የሚንጠባጠበው ዘይት፣ አየሩ ራሱ ያደርቀዋል። ጎኑን በአውራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ እዩት፤ እንደ ደረቀ የወንዝ ዳር ጭቃ ስስ ስንጥቅ ካሳየ ፀጉሩን አትመኑ። አኃዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚጻፈው። ያ ጎን ወደ ሻንሲው ዞሮ ከሆነ ጎማውን ሳያወርዱ ማንበብ አይቻልም።

ስለ ሌባ ሳላነሣ ብቀር መርካቶን አላውቃትም ማለት ነው። ከሥር የተሰቀለ ጎማ ትክክለኛዋን ብረት ለያዘ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስለዚህ ሰዉ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ያስረዋል፤ ምናለሽ ተራ ባለ ብየዳ ቤት ደግሞ ላሜራ ሽፋን ያሠራል። መጥፎ አይደለም። ግን ከሌባ የሚሰውር ነገር ከባለቤቱም ይሰውራል። አንድ ወዳጄ ጣርማበር ላይ፣ ጉም ዘግቶት ሳለ፣ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ክሪክ አለ፣ ብረቱ አለ፣ ቅያሪውም እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ግን አዲስ አበባ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። አንድ አይሱዙ ቆመለት። ረዳቱ ወርዶ፣ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያሰሩት ከማን ነው?» ብሎ የብረት መጋዝ አመጣ። ሰንሰለቱን መቁረጡ ጎማውን ከመቀየሩ የበለጠ ጊዜ ፈጀ። ወዳጄ ዛሬም ያስራል፤ አንዱን ቁልፍ ግን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ሰክቶታል። ጓጉንቸሩንም በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ይሸፍነዋል፣ ጭቃ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው።

ያን ቀን ጎማ ተራ የተማርኩትን የመመለሻ ሥርዓት እንዳለ ልንገራችሁ። ልጁ ጎማውን አጥቦ ውኃ በሞላበት ገንዳ ነከረና አረፋ መኖር አለመኖሩን አየ። የሳጥኗን ጥርስና ሰንሰለቱን በናፍታ አጠበ፣ አደረቀ፣ ግራሶ ቀባ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ባዶዋን አወጣት፣ አወረዳት። ጎማውን ሲሰቅል የነፋስ መፍቻውን እንዲጠቀም ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነበር፤ ማሽን ሳጥኗ «በቃኝ» ስትል አይሰማም፣ እጅ ግን ይሰማል። እያዞረ እያዞረ፣ ደጋፊው ብረት ቸርኬው ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጡን በእጁ እየዳሰሰ አወጣው። መጨረሻ ላይ ሳጥኗ ቀጭ አለች፣ ደገመች። ልጁ ጋደም ብሎ ጎማውን በሁለት እጁ ገፋው፣ ሳበው፣ በእግሩም መታው። አልነቃነቅ አለ።

«በስንት ጊዜ አንዴ ላውርደው?» አልኩት።

«ዘይት ሲቀይሩ። ያኔ ለማንኛውም ከሥር ሰው አለ።»

ከዚህ የተሻለ መልስ በየትኛውም የመኪና መመሪያ ላይ አላነበብኩም።

የዚህ ጎማ ዘመን ሳያልቅ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቅያሪ ጎማ የላቸውም። ባትሪው ወለሉን ይዞታል፣ ክብደትም ይቆጠራል። በምትኩ አንዲት ትንሽ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ፈሳሽ ይሰጣሉ። ፈሳሹ ሚስማር የከፈተውን ቀዳዳ ይደፍናል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ ግን ምንም አያደርግም፤ የእኛ መንገድ ጠርዝና የእኛ ድንጋይ ደግሞ የሚወዱት ጎኑን ነው። ጠርሙሱም ላዩ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። እሱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የእኔ ቅያሪ ታጥቦ ሲያበቃ አኃዙ ወጣ፤ ከመኪናዬ ጋር አብሮ የተሠራ፣ የ14 ዓመት ጎማ ነበር። ፀጉሩ አልረገፈም። የተሰቀለው ሌላ፣ እዚያው የገዛሁት ነው። አሮጌውን አንድ ሰው መጥቶ ጎኑን እያጠፈ፣ እየዘረጋ አየው። መሐሉ ሽቦ አለው፣ ጎኑ ግን ለማሰሪያ ይሆናል ብሎ በትንሽ ብር ወሰደው። አስፋልት ሳይነካ ያረጀውን ጎማ በትከሻው አንግቦ፣ በሰዉ መሐል እየተጋፋ ወደ ምናለሽ ተራ አቀና።